ሃርሞኒካና ሞረድ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሃርሞኒካ እየፈታሁ መግጠም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ባለ 10 ቀዳዳውንና በሲ ሜጀር የተቃኘውን ተራ ሃርሞኒካ ይመለከታል።

ጥያቄ፦ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ኦቨርብሎ ስሞክር ሲጥ ይልብኛል እንጂ ድምፅ አይወጣም። ውድ ሃርሞኒካ ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ፤ መጀመሪያ ክፈተው። በየቀዳዳው ሁለት ሪድ (አየር ሲያልፍበት የሚርገበገብ ስስ የብረት ምላስ) አለ፤ አንዱ ሲነፋ፣ ሌላው ሲሳብ ይጮኻል። ኦቨርብሎ ማለት እየነፉ የመንፊያውን ሪድ ዝም አሰኝቶ የመሳቢያውን ማስጮህ ነው፤ ስድስተኛው ላይ ቢ ፍላት ይሰጣል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ሌቪ ያዳበረው ስልት ነው። ችግሩ የሪዶቹ ጫፍ ከተቸነከሩበት የብረት ሳህን ብዙ ከፍ ማለቱ ነው። ሁለቱንም በስቴኪኒ ቀስ እያልክ ዝቅ አድርግ፤ ክፍተቱ ከሪዱ ውፍረት ብዙ አይብለጥ። ከዚያ ጠንክረህ ንፋ። ከታነቀ አብዝተሃል፤ መልሰህ ትንሽ አንሳው።

ጥያቄ፦ ሲጡስ?

መልስ፦ ሪዱ ወደ ጎን ሲንቀጠቀጥ ነው። ሥሩ ላይ፣ ሚስማሩ አጠገብ፣ ጠብታ ሰም ወይም የጥፍር ቀለም ያበርደዋል።

ጥያቄ፦ ትዝታ ስጫወት በታችኛው በኩል ኤ የሚባለው ድምፅ የለም። ሦስተኛውን ስቤ ቤንድ ለማድረግ (ድምፁን በአፌ ጎትቼ ለማውረድ) ብታገል ልክ አይመጣልኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። አንደኛው ቀዳዳ ሲና ዲ፣ ሁለተኛው ኢና ጂ አለው። ሦስተኛው ሲነፋ ግን ያንኑ ጂ ይደግማል። ይህን ትርፍ ጂ ወደ ኤ ብታነሺው ትዝታ ያለ አንዳች ቤንድ ይሞላል። ኒውዚላንዳዊው ብሬንዳን ፓወር ለአየርላንድ ዜማዎች ሲል ያስለመደው ቅኝት ነው፤ ፓዲ ሪክተር ይባላል። ለእኛ የተሠራ ይመስላል!

የላይኛውን ሳህን ፍቺ፤ የመንፊያ ሪዶች በውስጥ በኩል ናቸው። ከሦስተኛው ሪድ ሥር ቀጭን ምላጭ አስገብተሽ ደግፊው፤ ጫፉን በደቃቅ ሞረድ በርዝመቱ ብቻ ሞርጂ። የመጀመሪያዬን ሪድ የሰበርኩት ወደ ጎን ሞርጄ ነው። ስትሞርጂ ስለሚሞቅ ጥቂት ቆይተሽ በመቃኛ ለኪው። ከኤ ካለፈ ሥሩ አካባቢ ትንሽ ስትሞርጂው ይወርዳል። ኪሳራ አለው፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉትን አንድ ላይ ስትነፊ ሲ ሜጀር የነበረው ኮርድ ኤ ማይነር ይሆናል። እኔ አልቆጨኝም።

ጥያቄ፦ የሪዱን መስኮት (ሳህኑ ላይ ሪዱ የሚርገበገብበትን ክፍተት) ጠርዝ በማንኪያ ጀርባ አሽቶ ማጥበብስ ያዋጣል?

መልስ፦ አየር ማምለጡን ይቀንሳል፤ ኦቨርብሎም ይቀላል። ነገር ግን ጠርዙ ሪዱን ከነካ ድምፁ ይሞታል። በአሮጌ ሃርሞኒካ ተለማመድ።