ፋይሉን ይፈጥራል፣ ፎልደሩን ግን አይፈጥርልህም

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ደሴ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ላለ የመለዋወጫ ሱቅ የዕለት ሽያጭ የምትመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን ሰርቼላቸዋለሁ፣ በየዓመቱ በየወሩ ፎልደር ነው የምታስቀምጠው፣ የ2017ን ፎልደሮች በእጄ ፈጥሬላቸው ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ኮሽ አላለችም፣ መስከረም 1 ጠዋት ግን «ፋይል ኖት ፋውንድ» ብላ ቀጥ። አዲስ ፋይል ጻፊ ነው እኮ ያልኳት፣ እንዴት የለም ትላለች? የፋይሉንም ስም «1/1/2018» እያልኩ በቀን ልሰይመው አስቤያለሁ። ባለሱቁ ስልክ አላስቀምጥ ብሎኛል፣ በተበላሸ ቁጥር ሐረጎን መውረድ ደግሞ ሰለቸኝ።

መልስ፦ እንኳን አደረሰህ ወንድሜ፣ በዓሉን ባለሱቁ ነው የበላብህ ማለት ነው። የጠፋው ፋይሉ ሳይሆን ፎልደሩ ነው፣ መልእክቱ ነው የሚያሳስተው። የፓይተን ፋይል መክፈቻ ትእዛዝ «ኦፕን» (open) በ«ደብልዩ» (w፣ ለመጻፍ ማለት ነው) ሲከፈት ፋይል ከሌለ ይፈጥራል፣ ማስቀመጫው ፎልደር ከሌለ ግን ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ እምቢ ነው የሚለው። አንተ ጋ ደግሞ 2018ም የለም፣ ውስጡ ያለው መስከረምም የለም፣ ስለዚህ ፎልደር መፍጠሪያውን «ሜክዲር» (os.mkdir) ብትል ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል፣ እሱ የመጨረሻውን አንዱን ብቻ ነው የሚፈጥረው። ያንተ መፍትሄ «ሜክዲርስ» (os.makedirs) ነው፣ «ስ»ዋን እንዳትረሳ፣ ከላይ እስከ ታች የጎደለውን ሁሉ ይሞላል። ከመጻፍህ በፊት ጥራው፣ «ኤግዚስት ኦኬ»ን ትሩ (exist_ok=True) አድርግለት፣ ፎልደሩ ካለ ዝም ብሎ ያልፋል። ከፓይተን 3.2 ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

መጀመሪያ በ«ኢፍ» አለ ወይ ብዬ ልጠይቅ እንዳትል። ሱቁ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ሼርድ ፎልደር ቢጠቀም ሁለቱም እኩል «የለም» ብለው እኩል ሊፈጥሩ ይሄዳሉ፣ የዘገየው ይወድቃል።

ያ «1/1/2018» ያልከውን ተወው በአላህ! እዝባሩን ሲያይ ፎልደር ነው የሚመስለው፣ «1» የሚባል ፎልደር ፍለጋ ይሄድና ያው ጣጣ። በሰረዝ «2018-01-01» በለው፣ ዓመቱ ስለሚቀድም በስም ስትደረድረውም ቀኑን ጠብቆ ይመጣልሃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ሜክዲርስ የጠየቅከውን ሁሉ ይፈጥራል፣ «ሽያጭ»ን «ሽያች» ብለህ ብትጽፍ ሽያች የሚባል ፎልደር ሰርቶ እዛ ይጽፍልሃል፣ አንተ በትክክለኛው ውስጥ ስትፈልግ ትውላለህ። ስለዚህ ዋናውን ፎልደር በእጅህ ፍጠረው፣ ፕሮግራሙ እሱን ካጣ ይጩህ ይቁም፣ ዓመትና ወሩን ብቻ ይፍጠር። አድራሻውንም ከሲ ድራይቭ (C:) ጀምረህ ሙሉውን ጻፈው፣ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ከየት እንደተነሳ እያየ ቦታ ይቀያይርብሃል።

የመስከረም 1 ሽያጭ ፋይል ላይ አልገባም፣ ከደረሰኙ እያየህ አስገባው።