አስተዳዳሪው ገንዘብ ቢያጠፉ ከእጃቸው ልቁረብ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የደብራችን አስተዳዳሪ ለሕንፃ ማሠሪያ የምናዋጣውን ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ይቀበላሉ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አገልጋይ ሲቀጠርም እጅ መንሻ ይጠየቃል ሲባል እሰማለሁ። ፖሊ ግቢ የሚማረው ልጄ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው» ብሎ ሰንበት ትምህርት ቤቱንም ቅዳሴውንም ተወ። እኔም መስቀላቸውን ስሳለም ልቤ ይሸፍታል። እሳቸው በቀደሱበት ብቆርብ ይጠቅመኛል? አሥራቴንስ ላቁም? ልናገር ስል ደግሞ «የአባትን ዕራቁት መሸፈን ይገባል» ይሉኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ከቁርባኑ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነውና። ይቁረቡ። ኅብስቱን ሥጋ፣ ወይኑን ደም የሚያደርገው መንፈስ ቅዱስ ነው እንጂ የካህኑ ንጽሕና አይደለም። አባቶች ይህን በማኅተም ይመስሉታል፤ ቀለበቱ ወርቅም ይሁን ብረት፣ በሰሙ ላይ የሚቀረው የንጉሡ መልክ ያው ነው። ሳይገባው የሚቀድስ ካህን ፍርዱ በራሱ ላይ ነው፣ በእርስዎ ላይ አይደለም። ሥልጣነ ክህነቱ በአባቶች ውሳኔ ከተያዘ ወይም በዐውደ ምሕረት ኑፋቄ የሚያስተምር ከሆነ ነገሩ ይለያል። እርስዎ የጠየቁኝ ግን ስለ ገንዘብ ነው። መስቀሉንም ይሳለሙ፤ የሚሳለሙት የክርስቶስን መስቀል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። የሳሙኤልን እናት ሐናን ያውቋታል፤ ልጅ አጥታ በሴሎ ያለቀሰችውን። በዚያ ቤት ያገለግሉ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ነበሩ። ሕዝቡ መሥዋዕቱን ሲቀቅል ሎሌያቸው ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ ይመጣና ከድስቱ ያወጣለትን ሁሉ ለካህኑ ይወስዳል፤ ስቡ ሳይጤስም ጥሬውን ካልሰጣችሁኝ በግድ እወስዳለሁ ይላል። ሐና በየዓመቱ የምትወጣው ወደዚህ ቤት ነው። ይባስ ብሎ ዔሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ሰክራለች አላት! ያን ቀን ተቆጥታ ብትመለስ ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን የመጣችው ወደ እግዚአብሔር ነውና ልመናዋን አልተወችም። ልጁን ስታገኝም ጡት አስጥላ ለዚያው ቤት ሰጠችው። ሳሙኤል ያደገው ከሌቦቹ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነው፤ በዔሊ ቤት ላይ ይፈረድበታል የሚለውን ቃል የሰማውም እሱ ነው።

«የአባትን ዕራቁት» የሚለውን በተመለከተ፣ ይህን ጥቅስ በዘመናችን እንደ ጋሻ የሚይዙት ሰዎች ብዙ መሆናቸው ያሳዝነኛል። ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ሰክሮ ዕራቁቱን ተኛ፣ ልጆቹ ሴምና ያፌትም ሸፈኑት፤ ኖኅ ግን የማንንም አልወሰደም። ድሀዋ ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችው ብር መጥፋት ግን የማንም አባት ዕራቁት አይደለም፣ የድሀዋ ገንዘብ ነው። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለውንም እንዲሁ ይጠቅሱልዎታል። ዳዊት በተቀባው በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፣ እውነት ነው። ነቢዩ ናታን ግን የተቀባውን ዳዊትን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል። ዔሊም የተፈረደበት ልጆቹን ባለመሸፈኑ ሳይሆን ባለመከልከሉ ነው።

ስለዚህ ይናገሩ፤ ግን በሥርዓት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበል አዝዞታል። ስለዚህ ያዩትን ከሰሙት ይለዩ፤ የእጅ መንሻው ወሬ ለጊዜው ወሬ ነው፣ ደረሰኝ አለመቆረጡ ግን ያዩት ነው። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ ካህናትም ምእመናንም በሰበካ ጉባኤ አብረው እንዲሠሩ አድርጓል፤ የሒሳብ ሪፖርት መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ የምእመን ድርሻ ነው። ሰብሳቢው ራሳቸው አስተዳዳሪው ናቸው ይሉኝ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ከእርስዎ ጋር ያዩ ሁለት ሦስት ሰዎች ይያዙና በጽሑፍ ለወረዳ ቤተ ክህነቱ፣ ካልሆነም ለሀገረ ስብከቱ ያቅርቡ። ቲክቶክ ላይ መጀመር ግን አይጠቅምም፤ ሌባውን ያስጠነቅቃል፣ ንጹሑንም አብሮ ያጠለሻል።

አሥራትዎን አያቁሙ። በደረሰኝ የማይቀበል ሰው ካለ ግን ገንዘቡን በእሱ እጅ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ገዝተው ያስገቡ፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉትን የአብነት ተማሪዎች ይመግቡ።

ስለ ልጅዎ፦ አስተዳዳሪው ንጹሕ ናቸው ብለው አይከራከሩት፤ ቢዋሹት ሁለተኛ ይሰናከላል። ተረቱንም አይንቀፉበት፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ራስዋ ክርስቶስ ነው፣ አናቷ አስተዳዳሪው አይደሉም ይበሉት። ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዳለችው፣ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ወደሚገኝባት ወደ ቆራጣ ይውሰዱት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ ሕዝቡን ሲያስገድድ ከመኳንንቱም ከካህናቱም የተከተሉት ነበሩ። እመቤት ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ ሹም የነበረውን ባለቤቷን ትታ መነኰሰች፤ በጣና ዙሪያ እየተሰደደች ሕዝቡን በሃይማኖቱ አጸናች። በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት ሲመለስ እሷ እዚያው ነበረች። ከላይ ያሉት ሲያጋድሉ እሷም ቤተ ክርስቲያኔን ልተው አላለችም።

ንስሐ አባትዎ እኚሁ አስተዳዳሪ ከሆኑና ልብዎ አልከፈት ካለ፣ ተሰናብተው ሌላ አባት መያዝ ይችላሉ። ልጅዎ የሚጠይቀኝ ነገር ካለው ደግሞ፣ ቅዳሴ ካልሄደም ቢሆን፣ እኔ ዘንድ ይምጣ፤ ስለ ገንዘቡም ቢሆን አልቆጣውም።