«የጠፋ አዞ ቤተሰብ» ወይስ «የጠፋ የአዞ ቤተሰብ»?

ጥያቄ፦ በጁራሲክ ዘመን (በዳይኖሰሮች ጊዜ) ባሕር ውስጥ ስለኖሩት አዞ መሰል እንስሳት፣ ስለ ሜትሪዮሪንኪዶች፣ ስጽፍ «የጠፋ አዞ ቤተሰብ» ብዬ ነበር፤ «ቤተሰብ» ያልኩት በሥነ ሕይወት ምደባ ያለውን ደረጃ ነው። ጽሑፌን ያረመው ሰው «የጠፋ የአዞ ዘመዶች ቤተሰብ» አደረገው። የ«የ» መደጋገም ጆሮ ይከብዳል። «ዘመዶች» የሚለውስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ እርማቱ ትክክል ነው። ሁለተኛው «የ» ቢወጣ ትርጉሙ ይለወጣል።

«ትልቅ የቤት በር» እና «የትልቅ ቤት በር» የሚሉትን ጮክ ብለው ያንብቧቸው። በመጀመሪያው ትልቁ በሩ ነው፤ በሁለተኛው ቤቱ። አዛማጁ «የ» ስሙን ትቶ ከፊቱ ባለው ቅጽል ላይ ይወጣል ማለት ነው። ገላጩ ራሱ እንደ «የጠፋ» በ«የ» የሚጀምር ከሆነስ? «የየጠፋ» አንልም፤ አንዱ «የ» ይዋጣል። («የየራሳቸው» የሚለው ሌላ ነው፤ እዚያ ድግግሞሹ ለእያንዳንዱ መዳረስን ያሳያል።) ስለዚህ «የጠፋ አዞ ቤተሰብ» ሲሉ የጠፋው አዞው ነው፤ ቤተሰቡ ግን አለ። «የጠፋ የአዞ ቤተሰብ» ሲሉ የጠፋው ቤተሰቡ ነው። እርስዎ ሊሉ የፈለጉት ይህንን ነው። ግሱም ይረዳዎታል፦ «የጠፉ» ቢሉ ዘመዶቹን፣ «የጠፋ» ቢሉ ቤተሰቡን ይገልጻል።

«ጠፋ» ግን ለመብራትም፣ ለገንዘብም፣ መንገድ ለሳተ ሰውም ይባላል። «ከምድረ ገጽ የጠፋ» ቢሉት ይጠራል። «ዝርያው የጠፋ» ማለትን እዚህ አልመርጥም፤ በሥነ ሕይወት «ዝርያ» ከቤተሰብ በታች ያለ ደረጃ ነውና። ለቤተሰብ «አስተኔ» የሚሉም አሉ፤ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት።

«ዘመድ» የሚለው ቃል የገባው ከምደባው የተነሣ ነው። ሜትሪዮሪንኪዶች የአዞን ጋሻ የመሰለ የቆዳ አጥንት አልነበራቸውም። እግራቸው መቅዘፊያ ሆኗል፤ የጅራታቸው አጥንት ጫፍ ወደ ታች ታጥፎ እንደ ዓሣ ያለ የጅራት ክንፍ ይሸከማል። ቤተሰቡ ሜትሪዮሪንኪዴ የሚለውን ስሙን ያገኘው በ1843 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚገኝበት ሰፊ ቡድን ደግሞ በ1901 እ.ኤ.አ. ታላቶሱኪያ ተባለ፤ «የባሕር አዞዎች» ማለት ነው። ይህ ቡድን ግን ከዛሬዎቹ አዞዎች ግንድ ላይ የት እንደተገነጠለ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ገሚሱ ቀረብ፣ ገሚሱ ራቅ ያደርገዋል። «አዞ» ቢሏቸው ክርክሩን እርስዎ ቆረጡት ማለት ነው። «የአዞ ቅድመ አያት» ደግሞ ጭራሽ ስሕተት ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያለ ዘር አልተዉም። ዘመድ ግን ቅርብም ሩቅም ይሆናል፤ ልጅ ሳይተውም ዘመድነቱ አይቀርም። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ይህን የመሰለ የተመቸ ቃል ስላለው ደስ ይለኛል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሜትሪዮሪንኪዴ በባሕር ይኖር የነበረ፣ ከምድረ ገጽ የጠፋ የአዞ ዘመዶች ቤተሰብ ነው።»