ግማሽ ዙር ሄዶ ቀጥ የሚል የሣር ማጨጃ

ሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢያችን ጽፈውልናል። ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ አላቸው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ነው። የብርዱን ወራት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ከረመ። አሁን ቁልፉን ሲያዞሩት ግማሽ ዙር ያቃስትና ቀጥ ይላል። ባትሪ ቀየሩ፤ ያው ነው። ሞተሪኖ ሊገዙ ተነስተዋል።

እባክዎ ገንዘብዎን ያዝ ያድርጉ። መጀመሪያ ከሻሲው ጋር የታሰረውን የነጌቲቭ ገመድ ይፍቱ፣ ዝገቱን በብረት ብሩሽ ያጽዱ፣ መልሰው ይሰሩት። ያ ካልረዳ ካንዴላውን ያውጡ። ገመዱን ከቀዳዳው ያርቁ፣ እርስዎም ከፊቱ ገለል ይበሉና ቁልፉን ያዙሩ።

ቤንዚን ከተረጨ ካርቡራተሩ እያፈሰሰ ሲሊንደሩን ሞልቶታል ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ካርቡራተሩን ሳያሠሩና ዘይቱን ሳይቀይሩ በፍጹም እንዳያስነሱት።

ቀዳዳው ደረቅ ሆኖ ሞተሩ ፉር ብሎ ከዞረ ግን እኔ የምጠረጥረው ቫልቩን ነው። ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ላይ አንዲት ትንሽ ብረት አለች። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ቫልቩን በስሱ ከፈት አድርጋ የታመቀውን አየር ታስተነፍሳለች። ሞተሪኖው ፒስተኑን የሚያሳልፈው በእሷ እርዳታ ነው። በቫልቩና ቫልቩን በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት በጊዜ ብዛት ሲሰፋ ያቺ ብረት አትደርስም። ፒስተኑ ከእመቃው ጋር ይላተምና ይቆማል። ለዚህ ብለው በከንቱ ሞተሪኖ የቀየሩ ስንት ደንበኞች መጥተውብኛል፤ ያሳዝነኛል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ተፈትቶ፣ የቫልቩን ክዳን ይክፈቱ። በካንዴላው ቀዳዳ የመጠጥ ስትሮ ያስገቡና ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ስትሮው መውጣቱን ያቆማል። ከዚያ ሩብ ኢንች ያህል እስኪወርድ ጨምረው ያዙሩ። ኢንቴክ በሚባሉት ሞተሮች ላይ የአስገቢው ቫልቭ ክፍተት ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች፣ የአስወጪው ከ0.005 እስከ 0.007 ነው። የእርስዎ ሌላ ዓይነት ከሆነ በሞዴል ቁጥሩ መመሪያውን ይፈልጉ። ክፍተቱ ውስጥ የምትገባዋ መለኪያ ስስ ብረት ስትሳብ ያዝ ያዝ ማድረግ አለባት። ሽው ብላ ከወጣች ገና ሰፊ ነው፤ ማስተካከያውን አዙረው ያጥብቡት። ማጥበቂያውን ካሰሩ በኋላም ደግመው ይለኩ፤ ሲታሰር ይንሸራተታል።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ቀጥ ካለ ያቺ የካምሻፍት ብረት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን መክፈት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ይስጡት።