ቀለሙን ተይው፣ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ

እህቴ፣ «የመታጠቢያ ቤቴ ኮርኒስ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ በበረኪና ባጸዳውም ይመለሳል፣ የትኛውን ቀለም ልቀባው?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴ ጣጣ ትዝ አለኝ። እኔ ሦስት ጊዜ አስቀብቻለሁ። ሦስተኛው «ፀረ ሻጋታ» ተብሎ የተሸጠልኝ ውድ ቀለም ነበር። እሱም ሁለት ወር አልሞላውም፣ መጀመሪያ ቢጫ እድፍ አወጣ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት መነሳት ጀመረ። ስለዚህ እባክሽ ገንዘብሽን ያዥ።

1ኛ. እርጥበቱን ፈልጊ። የሻጋታ ዘር አየር ላይ ሁልጊዜ አለ፣ እሱን አንጨርሰውም። ውሃ ካላገኘ ግን አያድግም። የኮርኒስሽን አንድ ቦታ በደንብ አድርቂና የፎይል (የምግብ መጠቅለያው የአልሙኒየም ወረቀት) ቁራጭ ለጥፊበት፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊው። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን እዪው። ወደ ክፍሉ የዞረው ፊቱ ላይ ጤዛ ካለ የሻወሩ እንፋሎት ነው፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጀርባው ከረጠበ ግን ውሃው ከውስጥ ነው የሚመጣው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሦስቱንም ቀለም አልገዛም ነበር።

2ኛ. የአየር ማስወጫ ፋንሽን ፈትሺ። አንድ ቅጠል ሶፍት ስታስጠጊለት ስቦ ከያዘው ይሠራል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው። የእኔ ፋን ሶፍቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። እኔም ደህና ነው ብዬ ተውኩት። አየሩን ስቦ የት እንደሚወስደው አልጠየቅኩም።

ወደ ሕንጻው አስተዳደር ቢሮ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሰውየው ከወረቀቱ ቀና እንኳን ሳይል «ውሃ አታብዙ፣ ቤታችሁን አጽዱ» ነበር መልሱ። በየሳምንቱ ተንበርክኬ የምፈገፍግ ሰው ነኝ፣ ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። አራተኛው ቀን ላይ «ቀለም ቀቢበት» ብሎ ሸኘኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

ፎይሉን የነገረኝ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለጠፍኩት፣ ጀርባው ረጥቦ ተገኘ። ግን ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፍ የውሃ መስመር የለም፣ ሠራተኛውም አረጋገጠልኝ። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ባትሪ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ፣ የኮርኒሱን ክዳን ከፍቼ አንገቴን አስገባሁ። የፋኑ ቱቦ ወደ ውጭ ከሚወጣበት ቀዳዳ ተላቅቆ ወድቋል! በየቀኑ የምንታጠብበት እንፋሎት በሙሉ እዚያው ኮርኒስና ጣራው መሃል ሲጠራቀም ኖሯል። ኮርኒሱ የተሠራበት ጂብሰም ከላይ እንደ ረጠበ ካርቶን ሆኗል፣ ጥቁር ብቻ ነው። እኔ ከታች እያጸዳሁ እሱ ከላይ ይጠጣል።

ፎቶ አንስቼ ሰውየው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ቱቦውን መጥተው አሰሩ። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም፣ ግን ችግሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እኮራለሁ። የበሰበሰው ጂብሰም ተቆርጦ በአዲስ ተተካ፤ ሻጋታ ውስጡ ድረስ የገባበት ጂብሰም በእጥበት አይድንም።

3ኛ. በረኪናው። ሴራሚክና መስታወት ላይ ያጸዳል። ጂብሰም ላይ ግን ከላይ የሚታየውን የሻጋታ ጥቁረት ብቻ ያነጣል፣ አብሮት ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ እናም የጠፋ ይመስልሻል። ደግሞ በምንም ምክንያት ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅይው፣ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው። እኔ አንዴ «ይጠነክራል» ተብዬ ከኮምጣጤ ጋር ቀላቅዬ፣ ዓይኔና ጉሮሮዬ ተቃጥሎ በሩጫ ነው የወጣሁት። ስትፍቂም አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ቤት ውስጥ አስም ያለበት ካለ ከዚያ ክፍል ይራቅ።

ቱቦው ከተሠራ በኋላ የማደርገው ትንሽ ነው። ታጥቤ ስጨርስ ግድግዳውን በጎማ መጥረጊያ ወደ ታች እስባለሁ፣ መጋረጃውን ሳላጥፍ ዘርግቼ እተወዋለሁ፣ ፋኑን ግማሽ ሰዓት አላጠፋውም። እርጥብ ፎጣና ምንጣፍ እዚያ አላሳድርም። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ከደረቀ ሻጋታው ብዙውን ጊዜ አይነሳም። የእርጥበት መለኪያም ገዝቻለሁ፣ ትንሽ ነገር ናት። ከሻወር በኋላ ሽቅብ ትወጣለች፣ ችግር የለውም፣ ዋናው ቶሎ ከ60 በመቶ በታች መውረዷ ነው። ከ30 እስከ 50 ከሆነማ በጣም ጥሩ። ድሮ ጠዋት ታጥበን ማታ ድረስ መስታወቱ አይደርቅም ነበር፣ አሁን ቡና ጠጥቼ ስመለስ ጠርቷል።

ፎይሉን ዛሬ ማታ ለጥፊው። ጀርባው ከረጠበ መሰላል የሚይዝልሽ ሰው ጥሪና የቱቦውን ጫፍ እስከ መጨረሻው ተከትለሽ እዪ፣ ያገኘሽውንም እዚሁ ጻፊልኝ።