ሰኞ ሌሊት ለምን እንጮሃለን? የሬስሊንግ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። አብዛኞቹ ስለ «ሮው» ናቸው። ለማያውቀው ሰው፣ «ሮው» ማለት ደብሊው ደብሊው ኢ የተባለው የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ ማታ የሚያሳየው ፕሮግራም ነው። የገረመኝ ነገር፣ ስለ ታጋዮቹ ጡንቻ የጠየቀኝ የለም። ሁላችሁም የጠየቃችሁት አዳራሹን ሞልቶ ስለሚጮኸው ሕዝብ ነው። ተመችቶኛል፤ የእኔም ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው እዚያው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)፦ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ሰው ምን አሳበደው? ተሞኝቶ ነው?

አልተሞኘም፤ ያውቃል። ድርጅቱ ራሱ በ1989 ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች «የኛ ሥራ መዝናኛ ነው፣ እውነተኛ የስፖርት ውድድር አይደለም» ብሎ ተናግሯል። ያመነው ንስሐ ሊገባ አይደለም። የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ እንዲቀርለት ነው። ምስጢሩ ወጣ፣ ሕዝቡ ግን አልቀረም።

ሠርግ ላይ ፎካሪ ዱላውን ነቅንቆ ሲነሳ «የት ነው የገደልከው? ማስረጃ አምጣ» የሚለው አለ? የለም። «በለው!» ነው የሚባለው። ግን ጥሩ ፎካሪና ልፍስፍስ ፎካሪ ሲመጣ ሁሉም ሰው ይለያል። ልፍስፍሱ ገና አፉን ሳይከፍት ሰው ወደ ጠላው ይዞራል። ሬስሊንግ ላይም ማይክ ይዞ የሚፎክረው ሰውዬ የሚመዘነው በዚሁ ነው። አሸናፊው ተጽፏል። ሕዝቡ እንዴት እንደሚቀበለው ግን ማንም ሊጽፈው አይችልም። ፕሮግራሙን በየሳምንቱ የሚያሳየኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ታጋዩ ሮማን ሬይንስ ምን አድርጓቸው ነው ያን ያህል የጠሉት?

ምንም። ችግሩም እሱ ነበር። ድርጅቱ «ይሄ አክተራችሁ ነው፣ ውደዱት» ብሎ አመጣው። ሰው ደግሞ አክተሩን ራሱ መምረጥ ነው የሚፈልገው። በ2015 ፊላደልፊያ ላይ ሮያል ራምብልን (30 ታጋዮች በየተራ የሚገቡበትን ትግል) ሲያሸንፍ ጩኸቱ ስለከበደ ዘመዴ የሚለው የፊልም ተዋናዩና የቀድሞ ታጋይ ዘ ሮክ ወጥቶ እጁን አነሳለት። ዘ ሮክ እኮ ነው! ሕዝቡ የሚወደው ሰው ነው። አጠገቡ ቆሞ እንኳን ተቃውሞው አልበረደም።

ትልቁ ቀን ግን ኤፕሪል 3፣ 2017 ኦርላንዶ ላይ ነው። በዋዜማው ማታ የድርጅቱ የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት በሆነው ሬስልማኒያ ላይ አንጋፋውን አንደርቴከርን አሸንፏል። በ«ሮው» ብቅ ሲል አዳራሹ ተናወጠ። ማይኩን ወደ አፉ ያመጣዋል፣ ጩኸቱ ይጨምራል፣ መልሶ ያወርደዋል። አሁንም ያነሳዋል፣ አሁንም ያወርደዋል። ስድቡ፣ ፉጨቱ፣ «ውጣ» የሚለው ጩኸት ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ቀጠለ። በመጨረሻ «ከእንግዲህ ይሄ የኔ ግቢ ነው» አለና ማይኩን ጥሎ ሄደ። ሌላ ቃል የለም። ለእኔ ከብዙ ትግል ይበልጥብኛል።

ከዚያ በኦገስት 2020 ክፉ ሆኖ ተመለሰ። ያው ሰው፣ ያው ፀጉር። እንዲጠሉት ሲፈቀድላቸው ወደዱት። ሰው እንዲህ ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ እኛ የምናየው በማግስቱ ነው፣ ማንም አይሰማንም። ታዲያ ለምን እንጮሃለን?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማክሰኞ ማታ እዚህ ደብረ ብርሃን ቪዲዮ ቤት ገብተህ እይ። ብርዱ በበር ስንጥቅ ይገባል፣ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ዳኛው ጀርባውን ሲያዞር ወንበዴው ወንበር ያነሳል። ይሄን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አባት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ወርውረው «አንተ ዕውር! ዙር! ከኋላህ ነው!» ይላሉ። ያ ትግል ካለቀ ሰዓታት አልፈዋል፣ ዳኛው ምናልባት ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። አባት ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከፊት ያሉት ልጆች ደግሞ ከዳኛው እጅ ጋር «አንድ! ሁለት!» ብለው ይቆጥራሉ። የወደቀው ሦስት ሳይባል ትከሻውን ሲያነሳ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» ይላል። የምንጮኸው ለታጋዩ አይደለም፣ አጠገባችን ላለው ሰው ነው። ብቻህን ስልክ ላይ ስታየው አትጮህም አይደል?

ጥያቄ (ያለ ቦታ የመጣ)፦ ዳኛው እውነት አያይም?

ያያል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ፤ «ሰዓት አልቋል፣ ጨርሱ» የሚለውን ትእዛዝ ከጀርባ ካሉት ሰዎች ሰምቶ ለታጋዮቹ የሚያደርስ እሱ ነው። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ የኤክስ ምልክት ካሳየ ግን ቀልድ አይደለም። አንዱ የምር ተጎድቷል ማለት ነው።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከአረርቲ)፦ ልጄ ይህን አይቶ ከአልጋ ላይ ታናሽ ወንድሙ ላይ ይዘላል። የውሸት ከሆነ እነሱ ለምን አይሰበሩም? የኔ ልጅስ ለምን ያለቅሳል?

እንደምን ሰነበቱ እትዬ። ውጤቱ ነው የተወሰነው፣ መሬቱ አልተወሰነም። የሚወድቁበት መድረክ ከሸራው ሥር ስስ ስፖንጅ አለው። ከዚያ ጣውላ፣ ከሥሩ ብረት። ሲወድቁበት እጥፍ ዘርጋ ይላል፣ ድምፁም ከጉዳቱ በላይ ይጮሃል። እነሱም ከማንም ትምህርት በፊት የሚማሩት መውደቅ ነው፦ አገጭ ወደ ደረት፣ ጀርባ ሙሉ ለሙሉ፣ ክንድ ተዘርግቶ። ይህን ሁሉ አውቀውም ይሰበራሉ።

ልጅዎን አንድ ነገር ያሳዩልኝ። በጁን 2022 ኮዲ ሮድስ የደረቱ ጡንቻ ተቀዶ ሳለ ለትግል ወጣ። ካፖርቱን ሲያወልቅ ደረቱና ክንዱ ወይን ጠጅ ሆኖ ጠቁሯል። ሊጮህ የተዘጋጀው አዳራሽ መጀመሪያ ትንፋሹን ዋጠ። ያ ቀለም ቅብ አልነበረም። ምስሉን በስልክ ያገኙታል። ከዚያም አልጋውን ወደ ግድግዳ ያስጠጉት፤ ልጅ ምክር ብቻ አይበቃውም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ የሕዝብ ጩኸት የተጻፈውን ውጤት ቀይሮ ያውቃል?

እንዴታ! እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዳንኤል ብራያን አጭር ነው፣ ጺማም ነው፣ ጡንቻው ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። ሥራው ግን ወርቅ ነው። በኦገስት 2013 የሻምፒዮንነት ቀበቶውን አሸነፈና ወዲያው ተቀማ። በታሪኩ ውስጥ አለቆቹ «አንተ ለዋናው ቦታ አትሆንም» ይሉት ነበር። ሰዉም ጣቶቹን ወደ ሰማይ እየቀሰረ «የስ! የስ! የስ!» ማለቱን አላቆመም። በዲሴምበር ሲያትል ላይ፣ ከትውልድ አካባቢው ብዙም ሳይርቅ፣ አለቃው ትሪፕል ኤች ስለ ሌሎች ሁለት ታጋዮች ሊያወራ ቆመ። አላስወሩትም። ስሙን እየጠሩ ዝግጅቱን ቀሙት።

በጃንዋሪ 2014 ፒትስበርግ ላይ የሮያል ራምብል 30ኛው ገቢ ይጠበቃል። ሁሉም ብራያን ነው ብሏል። ብቅ ያለው ሬይ ሚስቴሪዮ ሆነ። ሬይ ሚስቴሪዮን የሚጠላ ሰው ታውቃላችሁ? ሕፃን እንኳን ይወደዋል። ያን ቀን ተጮኸበት። ባቲስታ ሲያሸንፍማ አይነገርም። በማርች ብራያን መድረኩን በደጋፊ ሞልቶ «አንሄድም» አለ። በእርግጥ ያንን ድርጅቱ ራሱ ያዘጋጀው ነው፤ ግን ካለፈው የሕዝብ ቁጣ የተቀዳ ነው። ኤፕሪል 6፣ 2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ በአንድ ማታ መጀመሪያ ትሪፕል ኤችን፣ ቀጥሎ ራንዲ ኦርተንንና ባቲስታን ረትቶ ቀበቶውን ወሰደ። ሌላው ሕዝብ የሚወደው ታጋይ ሲኤም ፓንክ በጃንዋሪ ጥሎ መሄዱም ቦታ ከፍቶለታል፣ እሱን አልክድም።

ከዚያ በኋላ በር ተከፈተ። በ2018 ቤኪ ሊንች ጓደኛዋን ሻርሎትን በመምታት ክፉ ልትሆን ተጻፈላት። ሕዝቡ «እሰይ!» አለ፣ ክፉነቱ ቀረ። በማግስቱ ዓመት ሬስልማኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሴቶች ትግል ሲዘጋ ያሸነፈችው እሷ ናት። በዚያው ማታ፣ ኤፕሪል 7፣ 2019፣ ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ራሱን ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ ዋናውን ቀበቶ ያዘ፤ ከአፍሪካ ተወልዶ የዚያ ቀበቶ ባለቤት የሆነ የመጀመሪያው ነው። ዕድሉ የተከፈተለት ሌላ ሰው ተጎድቶ በምትኩ ገብቶ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተራ በተራ ከሚገቡ ተጋጣሚዎች ጋር ሲታገል ሰው ልቡን ሰጠው። (መጀመሪያ ሲመጣ ጃማይካዊ ነው ተብሎ በጃማይካ አነጋገር ያወራ ነበር። ይሄን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ።)

በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ኮዲ ሮድስ ሮማንን የሚገጥምበትን ቦታ ለዘ ሮክ የለቀቀ ሲመስል ሕዝቡ በአዳራሹም በኢንተርኔቱም «ኮዲን እንፈልጋለን» ብሎ ተነሳ። በቀናት ውስጥ ታሪኩ ተለወጠ። በኤፕሪል ኮዲ ሮማንን አሸነፈና የ1,316 ቀን ንግሥናውን ዘጋው።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ድምፁን በማሽን ይጨምራሉ የሚሉት እውነት ነው?

ተቀድቶ በሚታይ ፕሮግራም ላይ ይደረግ ነበር፤ ጆሮ ያለው ሰው የከንፈሩና የድምፁ አለመገጣጠም ይታወቀዋል። በግልጽ የተደረገው ግን በኮሮና ጊዜ ነው። በ2020 መጀመሪያ ባዶ ቤት ውስጥ ታገሉ፤ የጫማ ድምፅና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ። እውነት ለመናገር ማየት አልቻልኩም። ከኦገስት 2020 ጀምሮ ሰዉን ከየቤቱ በቪዲዮ አስገብተው ዙሪያውን በስክሪን ሞሉት፣ ጩኸቱንም ከማሽን ጨመሩበት። እስከ ጁላይ 2021 ቆየ። የማሽን ጩኸት አይቆጣም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ ለታጋይ ከስድብ የሚብስ ምላሽ አለ?

ዝምታ። ክፉ ሰው ሲሰደብ ደመወዙን አገኘ ማለት ነው። ስልክ ማየት ከጀመሩ ግን አለቀለት። ሌላ ዓይነት ዝምታ ደግሞ አለ። አንደርቴከር ሬስልማኒያ ላይ 21 ጊዜ አሸንፎ አንዴም ሳይረታ ቆይቶ፣ በ2014 ብሮክ ሌስነር ሲረታው ከ70,000 በላይ ሰው የሞላበት ስታዲየም ደነዘዘ። 21 ለ 1 የሚለው ጽሑፍ እስኪወጣ ድረስ ሰው አላመነም። ራሱን ይዞ አፉን ከፍቶ የቀረው ሰውዬ ፎቶ እስከ ዛሬ በቴሌግራም ይዞራል።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ ጓደኛዬ ሌሊት አይቶ ጠዋት ውጤቱን ይነግረኛል። ምን ይሻላል?

ጓደኛ ቀይር። ካልሆነ ይህን ንገረው። ጃንዋሪ 4፣ 1999 ተፎካካሪው ጣቢያ «ናይትሮ» የተባለውን የሬስሊንግ ፕሮግራም በቀጥታ ሲያሳይ፣ «ሮው» ደግሞ ቀደም ብሎ የተቀዳ ነበር። የናይትሮ አስተዋዋቂ በአለቃው ትእዛዝ «እዚያ ማዶ ሚክ ፎሊ ቀበቶ ያሸንፋል» ብሎ አሾፈ፤ ሰው እንዳይቀይር መሆኑ ነው። ፎሊ ለዓመታት አካሉን የሰጠ፣ ሰው የሚያዝንለት ታጋይ ነው። ብዙ መቶ ሺሕ ቤት ያኔውኑ ቻናሉን ወደ «ሮው» ቀየረ። ውጤቱን ማወቁ አላስቀራቸውም፣ ሲያሸንፍ በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ስለዚህ ቢነግርህም እየው።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ጆን ሲና የመጨረሻ ትግሉን ለምን ተሸነፈ? እስካሁን አልወጣልኝም።

ለብዙዎቻችንም አልወጣም። ሲና ለ20 ዓመት «ተስፋ አትቁረጥ» ሲል ኖሮ፣ በዲሴምበር 2025 ዋሽንግተን ላይ በተጋጣሚው በጉንተር ክንድ ታንቆ በእጁ መታ፣ «በቃኝ» አለ። ከመምታቱ በፊት ፈገግ አለ። አዳራሹ በንዴት ጮኸ፣ ንዴቱም ታሪኩን በሚወስነው ትሪፕል ኤች ላይ ወረደ።

የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ መሸነፉ ልክ ነው። የሚሰናበት ሰው ለሚቀጥለው ስም አስረክቦ መሄዱ የዚህ ሙያ ደንብ ነው። እጁን መምታቱ ግን ተጨማሪ ነበር፤ ራሱን ስቶ ቢሸነፍ ጉንተርም ይጠቀማል፣ ልጆቹም አያለቅሱም። አስቡት ደግሞ፣ ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ግማሹ አዳራሽ «በርታ ሲና» ሲለው ግማሹ «ሲና የማይረባ» ሲለው የኖረ ነው። በ2006 ኒው ዮርክ ላይ ቲሸርቱን አውልቆ ሲወረውርላቸው መልሰው ወርውረውበታል፣ ደጋግሞ። «ሲና ካሸነፈ እናምፃለን» የሚል ጽሑፍም ተሰቅሎ ነበር። እነዚያው ሰዎች ናቸው ዛሬ ለምን ተሸነፈ ብለው የሚያኮርፉት።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት፣ ድጋሚ)፦ በቀጥታ ለማየት በኛ ሰዓት ስንት ላይ ልነሳ?

ሰኞ ማታ በነሱ ማለት ለኛ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ነው። በነሱ ክረምት ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በነሱ በጋ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል። አልፎ አልፎ ሰዓት ስለሚያዛውሩ ዋዜማውን አረጋግጥ። እናንተ ቆላ ናችሁ፣ ሸሚዝ ይበቃችኋል። እዚህ ደብረ ብርሃን ግን ያለ ብርድ ልብስ የሚሞከር አይደለም። አንተን የምለምንህ ሲገቡ ያለውን ሙዚቃ እያሳለፍክ እንዳታይ። ሰዉ ማንን እንደሚወድ የሚታወቀው የመጀመሪያዋ ኖታ እንደተሰማች ነው።