በሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ተማሪ መሆን፦ ጥያቄና መልስ

ኮፒልኮ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሜክሲኮ ሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ኡናም በሚባለው፣ ሁለት ሴሚስተር በልውውጥ ተምሬአለሁ፤ በኋላም ለማስተርስ ተመልሼ እዚያው ሰንብቻለሁ። ቅጽል ስሜን የወሰድኩት ከግቢው አጠገብ ካለው የሜትሮ ጣቢያ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። የልውውጥ ተማሪ ማለት በላኪው ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበና ክፍያውን እዚያው እየከፈለ፣ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር ሌላ ቦታ የሚማር ሰው ነው። ዲግሪውን የሚሰጠው ላኪው ነው፤ ስለዚህ ዋናው ጉዳይ የሚያልቀው ሜክሲኮ ሳይሆን አሁን ባላችሁበት ቢሮ ነው። ሙሉ ዲግሪ እዚያ መማር የሚፈልግ ሰው ጥያቄው ሌላ ነውና እዚህ አልመልስለትም።

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሜክሲኮ ሄዶ መማር እንዴት ነው? ምን ምን ያስፈልጋል?

ኮፒልኮ፦ ምን ዓይነት ትምህርት፣ ከየት ተነሥቶ፣ ለስንት ጊዜ? አሁን የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ከየትኛው የሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት እንዳለው ጠይቀህ ተመለስ።

ናፍቆት ከበርሊን፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ኡናም ለሁለት ሴሚስተር ተቀብሎኛል። ከድረ ገጹ ላይ አምስት ኮርሶች መርጫለሁ። ስመለስ እዚህ እንዲቆጠሩልኝ ምን ማድረግ አለብኝ?

ኮፒልኮ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። እኔም በጊዜዬ እንዳንቺው አምስት ኮርሶች ከዝርዝር ላይ መርጬ፣ የላኪው ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ፈርሞልኝ ሄድኩ። ስደርስ ሁለቱ በዚያ ሴሚስተር አይሰጡም፤ አንዱ ደግሞ ከሌላው ጋር በአንድ ሰዓት ላይ ወድቋል። ሦስቱን በሌሎች ተክቼ ለኃላፊው ስደውልለት፣ "ችግር የለም፣ ስትመለስ እናስተካክላለን" አለኝ። አሥር ወር ቆይቼ ስመለስ ሰውየው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። በእሱ ቦታ የተተካችው ሴት ቀድሞ የተፈረመውን ወረቀት ከውጤት መግለጫዬ ጎን ዘርግታ፣ የኮርሶቹን ስም በጣቷ እየተከተለች አመሳከረችና ሦስቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘቻቸው። ደንቡን ጥሳለች ማለት አልችልም፤ በእጄ ላይ አንድም መስመር ጽሑፍ አልነበረኝም። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከፍዬ ደገምኩ።

ስለዚህ አምስት የምትወስጂ ከሆነ ስምንት ወይም ዘጠኝ አስፈርሚ፤ የሚቀረው መጠባበቂያ ይሆንሻል። እዚያ ስትደርሺ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ይዘት፣ እነሱ ቴማሪዮ የሚሉትን፣ ከመምህሩ ተቀብለሽ በፋኩልቲው ቢሮ ማኅተም አስመቺበት። ማኅተም የሌለው ወረቀት እዚያም እንደ እኛ ቀበሌ ወረቀት አይባልም። ኮርስ ከለወጥሽ ከበርሊን የሚመጣው ፈቃድ በኢሜይል ይሁን፤ በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም። ከዚህ ሌላ የውጤት ጉዳይ አለ። ኡናም የሚያርመው ከ10 ሲሆን ማለፊያው 6 ነው። በጀርመን ደግሞ ትልቁ ውጤት 1 ስለሆነ፣ ሰባትሽ ወይም ስምንትሽ ስንት ሆኖ እንደሚገለበጥ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከአሁኑ ጠይቂ። ደግሞም የተመዘገብሽበትን ኮርስ ሳታሰርዢ አትተዪ፤ ፈተና ላይ "አልቀረበችም" ተብሎ ይመዘገብብሻል፤ ያ ቃል የውጤት መግለጫሽ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

የሸገር ልጅ፦ እኔ በስዊድን የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። የምሄደው ለአንድ ዓመት ነው። ቪዛው እንዴት ይሆናል?

ኮፒልኮ፦ ቆይታህ ከ180 ቀን ስለሚበልጥ፣ በምትኖርበት አገር ካለው የሜክሲኮ ቆንስላ የተማሪ ጊዜያዊ ነዋሪ ቪዛ ታወጣለህ። የቅበላ ደብዳቤና ራስህን እንደምትችል የሚያሳይ የባንክ ወይም የስኮላርሺፕ ማስረጃ ይጠየቃል፤ መጠኑ ስለሚለዋወጥ ከቆንስላው ራሱ ስማ። ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ፓስፖርትህ ላይ የሚለጠፈው ቪዛ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው። ከገባህበት ዕለት ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ቀርበህ በመኖሪያ ካርድ ማስለወጥ አለብህ፤ ይህን መለወጥ ካንሄ ይሉታል። ካርዱን ሳትይዝ ከአገር ከወጣህ ቪዛው አብሮህ ያበቃል።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደግሞ ዓይንህን ክፈት። በማስተርስ ጊዜዬ ስገባ ከፊቴ የቆመች ልጅ ፓስፖርቷን ዝም ብላ ሰጠች፤ መኮንኑም የሌላ አገር ቪዛዋን ቀድሞ ስላየ እንደ ጎብኚ 180 ቀን ጽፎ መለሰላት። ደስ ብሏት ሄደች፤ ብዙ ቀን የተሰጣት መስሏት ነበር። ያ ማለት የተማሪ ቪዛዋ ሳይሠራበት ቀረ ማለት ነው። እኔ ቪዛው ያለበትን ገጽ ገልጬ "ፓራ ካንሄ"፣ ለካንሄ ነው፣ አልኩት፤ 30 ብሎ ጻፈ። ትንሹ ቁጥር ነው ትክክለኛው። በመሣሪያ ራስን የማሳለፊያ በር ቢያሳዩህም በዚያ አትግባ፤ ሰው ወዳለበት መስኮት ሂድ።

ዲሲ ነዋሪ፦ ይቅርታ፣ ይህ ነገር ተጋነነ። እኔ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ይዤ ያለ ምንም ቪዛ ገብቼ ተምሬ ተመልሻለሁ፤ ማንም የጠየቀኝ የለም።

ኮፒልኮ፦ ለስንት ጊዜ ነበር?

ዲሲ ነዋሪ፦ ለአንድ ሴሚስተር።

ኮፒልኮ፦ እንግዲያው ልክ ነህ፤ ግን የመለስከው ሌላ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓን፣ የእንግሊዝ ወይም የሼንገን አገሮች ቋሚ ነዋሪነት ያለው፣ እንዲሁም ጊዜው ያላለፈ ቪዛቸውን የያዘ ሰው እስከ 180 ቀን እንደ ጎብኚ ይገባል፤ አንድ ሴሚስተርም ከዚያ ያነሰ ነው። ጠያቂው ግን አንድ ዓመት ነው ያለው።

ዲሲ ነዋሪ፦ እንደ ጎብኚ ገብቶ እዚያው ወደ ተማሪ ማስለወጥስ?

ኮፒልኮ፦ አይቻልም። የቤተሰብና የሰብአዊ ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር ጎብኚ አገር ውስጥ ሆኖ ወደ ተማሪ አይለውጥም፤ ወጥቶ ከቆንስላ ይጀምራል። እባካችሁ "እዚያ ይስተካከላል" የሚለውን ምክር ለሰው አትስጡ።

ሐይፋ፦ ስፓኒሽ ሳይችሉ መሄድ ይቻላል? ዘመዴ በሦስት ወር ከሰው ጋር እያወራ ለመደ።

ኮፒልኮ፦ በገበያ ውስጥ ይለመዳል። የኡናም ትምህርት ግን በስፓኒሽ ነው፤ እንደ ሞንቴሬይ ቴክኖሎጂ ያሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ የሚሰጧቸው ኮርሶች አሏቸው።

ናፍቆት ከበርሊን፦ በዚህ እኔ ከሐይፋ ጋር አልስማማም። የታሪክ ትምህርት በሳምንት ብዙ ገጽ ማንበብ ነው፤ በሦስት ወር የሚሆን አይደለም።

ሐይፋ፦ እኔ ያልኩት መናገርን ነው እንጂ ማንበብን አይደለም። ለውጭ ሰው ይራራሉ ይባላል።

ኮፒልኮ፦ መምህሩ ሊራራ ይችላል፤ ፈተናው አይራራም። ብዙዎቹ ስምምነቶች ቢ1 ወይም ቢ2 የሚባለውን መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ይጠይቃሉ። ማስረጃውን በሲየሌ ፈተና ማግኘት ትችላላችሁ፤ ኡናም ራሱ ከሴርቫንቴስ ተቋም፣ ከሳላማንካና ከቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚያካሂደው በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ነው። በግቢው ውስጥም ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ሰዎች ቋንቋ የሚያስተምር ማዕከል አለ። ቋንቋው ከተለመደ በኋላም አንድ ቃል ያስቸግራችኋል፤ አኦሪታ። ሲተረጎም "አሁኑኑ" ነው፤ ሲተገበር ግን እንደ እኛ ሰው "መጣሁ፣ ደርሻለሁ" ነው፤ ገና ከቤቱ አልወጣም። የቢሮ ሠራተኛ አኦሪታ ካላችሁ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

ዝምተኛው፦ ለሜክሲኮ ቪዛ ያስፈልጋል?

ኮፒልኮ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ። 30 ቀን።

የልጅ አባት፦ ልጄ በመጪው ነሐሴ ለአንድ ዓመት ትሄዳለች። እናቷ እንቅልፍ አጥታለች፤ ስለ ደኅንነቱና ስለ መሬት መንቀጥቀጡ እውነቱን ቢነግሩን።

ኮፒልኮ፦ አባቴ፣ ስለ ወንበዴ የሚወራውን ሁሉ እኔ ማረጋገጥም ማስተባበልም አልችልም፤ ከተማው ሰፊ ነው፣ ሰፈር ከሰፈር ይለያያል። በግቢው ዙሪያ ትከራይ፣ ሲመሽ ብቻዋን በእግር አትሂድ። ስለ መንቀጥቀጡ ግን የምለው አለኝ። የከተማው መሐል የተሠራው በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ ጭቃ ላይ ስለሆነ መሬቱ ሲነቃነቅ ጭቃው ያባብሰዋል፤ በመስከረም 19 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. እጅግ የተጎዳውም ያ ክፍል ነው። የኡናም ግቢ ያለው ግን በደቡብ፣ ሺትሌ ከተባለው እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋይ እንደ ጭቃ አይዋልልም። ስለዚህ ኮፒልኮ ወይም ሳንቶ ዶሚንጎ በሚባሉት ሰፈሮች ብትከራይ ለትምህርት ቤቱም ለመሬቱም ይሻላል።

ከተማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለው። መሣሪያዎቹ የተተከሉት በብዛት በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ስለሆነ፣ መንቀጥቀጡ ከዚያ ከተነሣ ንዝረቱ ከተማው ሳይደርስ ድምፁ ቀድሞ ይጮኻልና ለመውጣት ጥቂት ሰኮንዶች ይገኛሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን የተነሣው ከቅርብ ስለነበረ ድምፁና መንቀጥቀጡ እኩል ደረሱ ማለት ይቻላል፤ ቀኑም ያው መስከረም 19 ነበር፣ የመታሰቢያው ልምምድ ከተደረገ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ። ልጅዎ ለልምምዱ ስትጠራ "ጨዋታ ነው" ብላ እንዳትቀር ይንገሩልኝ። ካንሄውንም በ30 ቀን።

የልጅ አባት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለእናቷ አነብላታለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦ ከፍታው አያሳምምም?

ኮፒልኮ፦ ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ናት፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. ማራቶኑን አሸንፎ የገባበት ስታዲየም ያለው በዚሁ በኡናም ግቢ ነው።

ዲሲ ነዋሪ፦ አበበ ቢቂላ ባይታመም ኖሮ ሦስተኛውንም ይወስድ ነበር።

የሸገር ልጅ፦ የማሞን ድል ለማሳነስ ካልሆነ ይህን ማንሣት ለምን አስፈለገ? ደግሞ በዚያ ከተማ በአገራችን ስም የሚጠራ የሜትሮ ጣቢያ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ኮፒልኮ፦ እውነት ነው። ሜክሲኮ የፋሺስት ጣልያንን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። እኛ ሜክሲኮ አደባባይ አለን፣ እነሱም በኢትዮጵያ ስም አደባባይ ሰይመዋል። ጣቢያው በመስመር 3 ላይ ከኮፒልኮ ሰባተኛው ነው፤ ባቡር ሳትቀይር በ5 ፔሶ ትደርሳለህ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ሁለታችሁም እዚያ ሄዳችሁ ተከራከሩ። ወደ ትምህርቱ እንመለስ።

የሸገር ልጅ፦ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲውን እየዘጉት ትምህርት ይቆማል ይባላል።

ኮፒልኮ፦ ይቆማል፤ ፓሮ ይሉታል። አንድ ፋኩልቲ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሊዘጋ ይችላል፤ ከ1999 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የነበረው አድማ ከዘጠኝ ወር በላይ ወስዷል። ሴሚስተሩ ከተራዘመ ውጤትህ ዘግይቶ ይመጣል። ላኪው ዩኒቨርሲቲ እስከ መቼ እንደሚጠብቅህ በጽሑፍ ጠይቅ። ሰልፍ ውስጥ ደግሞ አትግባ፤ የሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 33 የውጭ ዜጋ በአገሪቱ ፖለቲካ እንዳይገባ ይከለክላል።

ሐይፋ፦ እየሠሩ መማርስ? ጤፍስ ይገኛል?

ኮፒልኮ፦ የተማሪ ካርድ ብቻውን ሥራ አያሠራም። ስለ ጤፍ ሌላ ሰው ይመልስ።

ናፍቆት ከበርሊን፦ ስለ ቤት ኪራይ አንድ ልጨምር። አከራዩ "ፊያዶር አለሽ?" አለኝ።

ኮፒልኮ፦ በከተማው የራሱ ቤት ያለው ዋስ ማለቱ ነው። አዲስ የመጣ የውጭ ተማሪ ይህን ከየት ያመጣል? ሙሉ ቤት ትተሽ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ተከራዪ፤ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወር ማስያዣ ይበቃል። ክፍሉን በዓይንሽ ሳታዪ ገንዘብ አትላኪ። የመጠጥ ውኃ ከቧንቧ አይጠጣም፤ በትልቁ ጀሪካን የሚሸጠውን ጋራፎን ግዢ።

ዝምተኛው፦ ቪዛው ስንት ቀን ይፈጃል?

ኮፒልኮ፦ ቆንስላው ያውቃል።

ናፍቆት ከበርሊን፦ የመጨረሻ ጥያቄ። በምክርዎ መሠረት ዛሬ ጠዋት ቢሮ ደውዬ ዘጠኝ ኮርስ ይፈረምልኝ አልኩ። ኃላፊዋ "አምስቱ ይበቃሻል፣ ከለወጥሽ ችግር የለም" አለችኝ። ይበቃል?

ኮፒልኮ፦ በጽሑፍ ነው ያለችሽ?

ናፍቆት ከበርሊን፦ በስልክ።

ኮፒልኮ፦ ሰኞ ጠዋት ቅጹን ይዘሽ ቢሮዋ ሂጂ።